ወፍጮው የማን ይሁን?

ርዕሰ አንቀጽ

ሥልጠናቸውን ጨርሰው ወደ ቀበሌያቸው የተመለሱ ወጣቶች ተሰባስበው አንድ አነስተኛ ሥራ ለመጀመር ሲመክሩ፣ ከማሽን ዋጋና ከመሥሪያ ቦታ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ድርጅቱ በምን መልክ ይመዝገብ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። ከምክሮቹ መካከል በየመንደሩ ሥር እየሰደደ የመጣው፣ «ለትርፍ ያልተቋቋመ ብላችሁ ተመዝገቡ፤ ግብር አይጠየቅባችሁም፣ ረጂም ይመጣላችኋል» የሚለው ነው። ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በደንብ ሳይመረመር የተወሰደ እንደሆነ ጥሩ የነበረውን ሥራ ገና በጠዋቱ ሊያሰናክለው ስለሚችል፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ልንመለከተው ወድደናል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለሁሉም አርሶ አደር ቤት ቅርብ የሆነውን የእህል ወፍጮ በምሳሌነት እንውሰድ። ወፍጮ በሌለበት ቀበሌ እናቶች ወይም ሴት ልጆች እህሉን በጀርባቸው አዝለው ወይም በአህያ ጭነው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ ተራ ሲበዛ ይመሻል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። ያ ካልሆነ በእጅ ወፍጮ ሌሊቱን ሲፈጩ ያድራሉ። ወፍጮ በቅርብ ሲተከል የሚተርፈው የእናቶች ጉልበትና ጊዜ፣ የልጃገረዶችም የትምህርት ሰዓት ነው። ስለዚህም አምስትና ስድስት ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተውና ተበድረው ወፍጮ ልንተክል ነው ሲሉ ሥራው ንግድ ብቻ ሳይሆን ወገንን የሚጠቅም ተግባር ጭምር ነው። ጥያቄውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ወገንን የሚጠቅም ሥራ ትርፍ ሊኖረው ይገባልን? ሊኖረውስ ከተገባ ትርፉ የማን ይሁን?

በመጀመሪያ «ለትርፍ ያልተቋቋመ» የሚለው ቃል ብዙዎችን እንደሚያሳስት ማስገንዘብ ይገባል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ማለት ትርፍ የማያገኝ ማለት አይደለም፤ ያገኘውን ትርፍ ለመሥራቾቹም ሆነ ለአባላቱ የማያከፋፍል ማለት ነው። ይህ ልዩነት በአገራችን ሕግ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበርን የተረጎመው፣ ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ሌላ የሆነ ውጤት ለማግኘት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሚያቋቁሙት ስብስብ ነው በማለት ነበር። ትርፍ ለማግኘት የሚቋቋሙትን የንግድ ማኅበራት ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ለብቻ ደነገጋቸው። እንግዲህ ሁለቱን የሚለያቸው ድንበር የሥራው ዓይነት ሳይሆን፣ ከወጪ የተረፈው ገንዘብ የሚሄድበት መንገድ ነው። አንድ ዓይነት ወፍጮ፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት ዋጋ ይዞ አንዱ የንግድ ድርጅት፣ ሌላው ለትርፍ ያልተቋቋመ ሊሆን ይችላል።

ትርፍ አያስፈልገንም ብሎ መነሣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አደገኛም ነው። ይህንን በቁጥር እናሳይ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸውና እያንዳንዱ ቡድን በአካባቢው ዋጋ ተክቶ ያስላቸው።

አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ በወር 250 ኩንታል ይፈጫል፤ በኩንታል 100 ብር ያስከፍላል እንበል። የወር ገቢው 25,000 ብር ይሆናል። ለመብራት 6,000፣ ለሁለት ሠራተኞች ደመወዝ 9,000፣ ድንጋይ ለማስወቀርና ለመለወጥ፣ ለቺንጋና ለጥገና 3,000፣ ለቤት ኪራይ 2,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላ ወጪው 20,000 ብር ነው። 5,000 ብር የተረፈ ይመስላል። ነገር ግን ማሽኑና ሞተሩ በ240,000 ብር የተገዙ ሆነው ዐሥር ዓመት የሚያገለግሉ ከሆነ፣ በየወሩ የ2,000 ብር ዕድሜ ያልቃል። የሒሳብ ሠራተኞች ይህንን የእርጅና ቅናሽ ይሉታል። ስለዚህ እውነተኛው ትርፍ 3,000 ብር ብቻ ነው።

አሁን ቡድኑ «እኛ ለትርፍ አልተቋቋምንም» በማለት ዋጋውን ወደ 80 ብር ዝቅ አደረገ እንበል። ገቢው 20,000፣ ወጪውም 20,000 ብር ይሆናል። መዝገቡ ሲታይ ሒሳቡ ተስተካክሏል፤ ሕዝቡም ደስ ብሎታል። ነገር ግን ለማሽኑ ምትክ የተቀመጠ አንዲት ሳንቲም የለም። ሞተሩ በተቃጠለ ዕለት ወፍጮው ይቆማል፤ እናቶችም ወደ ቀድሞው መንገዳቸው ይመለሳሉ። ማሽኑን የሚተካ ገንዘብ ለማስቀመጥ ብቻ ዋጋው ቢያንስ 88 ብር መሆን ነበረበት።

ከዚህም በላይ የገጠር ወፍጮ ገቢ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ወፍጮው ፋታ አያገኝም። በሐምሌና በነሐሴ ግን የብዙው ቤት ጎተራ ይሳሳል። በእነዚያ ወራት የሚፈጨው ወደ 150 ኩንታል ቢወርድ፣ በ100 ብር ዋጋም ቢሆን ገቢው 15,000 ብር ብቻ ይሆናል። የመብራቱ ወጪ ከሥራው ጋር ወደ 3,600 ብር ዝቅ ቢልም ደመወዙ፣ ኪራዩና ጥገናው እንዳሉ ናቸውና ጠቅላላ ወጪው 17,600 ብር ይደርሳል። በወር 2,600 ብር ጉድለት ማለት ነው። ይህንን ጉድለት የሚሸፍነው በጥሩዎቹ ወራት የተጠራቀመው ትርፍ እንጂ ሌላ አይደለም። ስለሆነም ትርፍ ስግብግብነት ነው የሚለው አመለካከት መታረም አለበት። ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ትርፍ የክረምት ስንቅ ነው።

«ታዲያ ችግረኛውስ?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን የድርጅቱን መልክ መለወጥ ላይሆን ይችላል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ በቀበሌው ውስጥ ጧሪ የሌላቸው 20 አባወራዎችና እማወራዎች በወር እያንዳንዳቸው ግማሽ ኩንታል በነፃ ቢያስፈጩ፣ ድርጅቱ የሚያጣው የ10 ኩንታል ዋጋ 1,000 ብር ነው። ከ3,000 ብር ትርፍ ይህ ሲቀነስ 2,000 ብር ይቀራል። በመሆኑም በንግድ ፈቃድ የሚሠራ ወፍጮ ዋጋውን በአግባቡ ተምኖ፣ ትርፉን በመዝገብ ይዞ፣ ለደካሞች ነፃ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ለሁሉም ዋጋ ቀንሶ ከሚከስር ወፍጮ ይልቅ፣ ከሚችለው አስከፍሎ ለማይችለው በነፃ የሚፈጭ ወፍጮ ችግረኛውን ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ወደ ምዝገባው ጥያቄ እንመለስ። ወፍጮ ለመትከል ለተሰበሰቡ ወጣቶች በዋናነት ሦስት መንገዶች ተከፍተውላቸዋል።

አንደኛው መንገድ የንግድ ድርጅት ነው። አንድ ሰው በግሉ ሊነግድ ይችላል፤ ብዙ ሆነው ሽርክና ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁሙም ይችላሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ በአንድ ሰው ብቻ የሚቋቋም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ፈቅዷል። እዚህ ላይ በሽርክናና ኃላፊነቱ በተወሰነ ማኅበር መካከል ያለው ልዩነት ሊሰመርበት ይገባል። በኅብረት ሽርክና ማኅበር እያንዳንዱ ሸሪክ ለድርጅቱ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ተጠያቂ ነው። ኃላፊነቱ በተወሰነ ማኅበር ግን አባሉ የሚጠየቀው ባዋጣው ልክ ነው። ወፍጮ ለመግዛት የሚበደሩ ወጣቶች የወላጆቻቸው በሬና ቤት ለዕዳ እንዳይቀርብ ይህንን ልዩነት ከመፈረማቸው በፊት ማወቅ አለባቸው። የንግድ ድርጅት ጥቅሙ ውሳኔው ፈጣን መሆኑ፣ ላቡን ያፈሰሰውም ትርፉን ማግኘቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በአካባቢው ሌላ ወፍጮ ከሌለ ባለቤቱ እንዳሻው ዋጋ ሊጨምር መቻሉ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይህ በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 985 የሚተዳደር ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል የቱንም ያህል ዕጣ ቢገዛ ድምፁ አንድ ነው። ትርፍ አለው፤ ትርፉም ከፊሉ ለመጠባበቂያ ተይዞ የቀረው ለአባላቱ ይከፋፈላል። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ከሩቅ የመጣ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች 28 ፓውንድ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና የመሳሰሉትን የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዕቃውን በገበያ ዋጋ እየሸጡ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተረፈውን ለእያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን መለሱለት። እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ በዚያው ከተማ በኅብረት ሥራ የተቋቋመ የእህል ወፍጮ ተከሉ። ለእኛም ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ዋጋው ሲከፈል የሚጎዳ የሚመስለው ደንበኛ ባለቤት ከሆነ፣ ትርፉ ተመልሶ ለእርሱው ነው።

በአገራችንም ትርፍን ከወገን እርዳታ ጋር አስማምተው የሠሩ አሉ። በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሥራችነት የተቋቋመው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በሽመና፣ በእህል ወፍጮና በሱቅ ንግድ ይተዳደራል። አባላቱ ሠርተው ከሚያገኙት ይካፈላሉ፤ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ወላጅ ላጡ ልጆች ደግሞ የሚውል የሥራ ቀን ለይተው ይሠራሉ። ይህ ማኅበረሰብ ችግረኛውን ለመርዳት ትርፍን መጥላት አላስፈለገውም። ያስፈለገው የሚከፋፈለውንና ለደካማ የሚውለውን ለይቶ ማወቅ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ነው። ይህንን የሚገዛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ሲሆን፣ እርሱም በ2001 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 621 የተካ ነው። ሥራቸው በአንድ ክልል ብቻ የተወሰኑ ድርጅቶች በክልላቸው ሕግ ይመዘገባሉ። ዕድር፣ ዕቁብና መሰል ባህላዊ ስብስቦች በአዋጁ አይሸፈኑም። የ2011ዱ አዋጅ ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ የሚሆን ገቢ ለማግኘት በንግድ ሥራ እንዲሰማሩ ፈቅዷል። እንግዲህ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ወፍጮ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። ይሁንና ከወፍጮው የተገኘው ትርፍ ለአባላት ወይም ለሠራተኞች ጥቅም ሊተላለፍ አይችልም። ንግዱም ለሥራው ዓይነት በወጡት ሕጎች ይመራል። «ለትርፍ ያልተቋቋምን ነንና የንግድ ፈቃድም ግብርም አይመለከተንም» ብሎ ወፍጮ ማስነሣት ስለማይቻል፣ ቅድሚያ የወረዳውን የገቢዎችና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ማነጋገር ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ የሚሄዱ ወጣቶች ሊያጤኑት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። መሥራች ማለት ባለቤት ማለት አይደለም። የድርጅቱ ንብረት የዓላማው ንብረት ነው። መሥራቹ ሥራውን ሲለቅ ዕጣዬን ስጡኝ ሊል አይችልም፤ ሊሸጠውም ሆነ ለልጁ ሊያወርሰው አይችልም። ድርጅቱ ሲፈርስ የተረፈው ንብረት ተመሳሳይ ዓላማ ወዳለው ድርጅት ይሄዳል እንጂ ወደ መሥራቾቹ አይመለስም። ሦስተኛ ወገንን ለመጥቀም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ አዋጁ ደንግጓል። በየዓመቱም የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ቁጥጥር ነው። ነገር ግን ሁለት ሠራተኛ ላለው ወፍጮ ቤት የሪፖርቱ ሥራ ራሱን የቻለ ሸክም መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት በግልጽ መነገር አለበት። ብዙ ወጣቶች ወፍጮ የሚተክሉት መተዳደሪያ ፍለጋ ነው። ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም። ያለ ሥራ ከመቀመጥ ሠርቶ ራስን መቻል ለወገንም ጥቅም ነው። እንዲህ ያለው ቡድን ግን ትርፍ ላለመከፋፈል ፈርሞ፣ በኋላ ኑሮ ሲጠነክርበት በደመወዝ፣ በአበልና በሰበብ ትርፉን ማውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሕግ መጣስ ይመጣል፤ ጓደኛ ከጓደኛ ይጣላል፤ ሕዝቡም «በስማችን ነገዱብን» ይላል። ከመነሻው «እኛ ነጋዴዎች ነን፤ በትክክለኛ ሚዛን፣ በተመጣጣኝ ዋጋ እናገለግላለን» ብሎ መመዝገብ ለሕሊናም ለሒሳብም ይቀላል።

ረጂ ይመጣል የሚለውም ተስፋ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ረጂ ድርጅት የሚሰጠው ለተወሰነ ፕሮጀክትና ለተወሰነ ጊዜ ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀው በዕቅድ፣ በሪፖርትና በኦዲት ነው። ማሽን መስጠት የተለመደ ቢሆንም፣ ዓመት ከዓመት ድንጋይ የሚለውጥና የመብራት ሒሳብ የሚከፍል ረጂ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንዲያውም ከእርዳታ ተነሥተው ዘላቂ የሆኑ ታላላቅ ሥራዎች ወደ ገቢ የተመሠረተ አሠራር ሲዛወሩ ታይቷል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ሥራው የተጠነሰሰው በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር ነበር። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 የአነስተኛ ብድር ሥራ በአክሲዮን ማኅበር እንዲካሄድ ሲያዝዝ፣ ተቋሙ በአክሲዮን ማኅበርነት ተደራጅቶ በ1989 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጸደይ ባንክ ሆነ። ብድሩ ለችግረኛው ገበሬ የቀረበ አገልግሎት ነበር፤ ነገር ግን አገልግሎቱ ቀጣይ ሊሆን የቻለው ወጪውን በገቢው የሚሸፍን ድርጅት በመሆኑ ነው።

በሌላ በኩል «ማኅበር» የሚለው ቃል ሲነሣ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ለምን እንደሚጠራጠሩ ወጣቱ ሊረዳ ይገባል። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ በገጠር የገበሬ ማኅበራት፣ ቀጥሎም የአገልግሎትና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። የአገልግሎት ማኅበራቱ ሱቅና ወፍጮም ነበራቸው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ወቅት ደግሞ የብዙ አገልግሎት ማኅበራት ንብረት ተዘረፈ። ሕዝቡ የእኔ ነው ብሎ ያላመነበትን ንብረት በክፉ ቀን የሚጠብቀው እንደማይኖር በዚያን ጊዜ ታየ። ስለዚህ ወፍጮው የማን እንደሆነ፣ ማኅበሩ ሲፈርስም ለማን እንደሚሆን በመተዳደሪያ ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ለሁሉም መነበብ አለበት። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው።

በእኛ አስተያየት አንድ ቡድን ወደ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ከመሄዱ በፊት በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልስ።

የመጀመሪያው፣ አገልግሎቱን የሚያገኘው ሰው ዋጋውን ሊከፍል ይችላልን? የሚል ነው። አብዛኛው ሊከፍል የሚችል ከሆነ ሥራው ንግድ ነው፤ በንግድ ድርጅት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር መመዝገብ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ በአካባቢው ሌላ ተወዳዳሪ አለን? የሚል ነው። ሁለትና ሦስት ወፍጮዎች ባሉበት ቀበሌ የዋጋው ልጓም ውድድሩ ነው፤ ወጣቶቹ በግል የንግድ ማኅበር ቢሠሩ ሕዝቡ አይጎዳም። ወፍጮው ብቸኛ ከሆነ ግን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው አባል የሚሆኑበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ይመረጣል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ የምትውለው እናት ሆና ሳለ በአባልነት መዝገብ ላይ የሚጻፈው የባልዋ ስም ብቻ የመሆኑ ልማድ ነው። እናቶች በራሳቸው ስም ዕጣ ይግዙ፤ በራሳቸው ድምፅ ይምረጡ። የተራውን አጠባበቅ፣ የመክፈቻውን ሰዓትና የዱቄቱን ልቀት ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው፣ መሥራቾቹ ከትርፉ ይጠብቃሉን? የሚል ነው። የሚጠብቁ ከሆነ ለትርፍ ባልተቋቋመ ስም መመዝገብ የለባቸውም። የማይጠብቁ ከሆነ በምን እንደሚተዳደሩ ለጓደኞቻቸው በግልጽ ይናገሩ። «ለወገኔ ነው» ማለት የቤት ኪራይ አይከፍልም።

አራተኛው፣ ሥራው ሲቆም ንብረቱ ወዴት ይሂድ? የሚል ነው። ይከፋፈል የሚል ቡድን የንግድ ወይም የኅብረት ሥራ ሰው ነው፤ ሁለቱ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ቢለያይም። ፈጽሞ ሊከፋፈል አይገባም፣ ለሚቀጥለው ችግረኛ ይተላለፍ የሚል ቡድን ግን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሊያቋቁም ይችላል።

እነዚህን ጥያቄዎች መልሶ በእውነት ለትርፍ ባልተቋቋመ መልክ መመዝገብ የሚገባው ሥራ አለ። ተጠቃሚው ሊከፍል የማይችልበት ሁሉ የዚህ ወገን ነው። ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ማስተማር፣ አካል ጉዳተኞችን ሙያ ማሠልጠን፣ የተራቆተ የወል ተራራን ማልማትና የመሳሰለው በኩንታል ተመዝኖ ዋጋ የሚጠየቅበት አይደለም። እንዲህ ላለው ዓላማ የተቋቋመ ድርጅት ወፍጮ ተክሎ በትርፉ ሕፃናቱን ቢያስተምር መልካም ነው፤ ሕጉም ይፈቅድለታል። በዚህ ጊዜ ወፍጮው መሣሪያ፣ ሕፃናቱ ዓላማ ናቸው። ወፍጮው ራሱ ዓላማ በሆነበት ቦታ ግን ነገሩ የተለየ ነው። የወፍጮው ሒሳብ ከበጎ አድራጎቱ ሒሳብ ጋር ከተቀላቀለም የትኛው እንደከሰረ ሳይታወቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። ስለዚህ የንግዱ ሒሳብ በተለየ መዝገብና በተለየ የባንክ ሒሳብ መያዝ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሚጠበቅባቸው ድርሻ ቀላል አይደለም። የኅብረት ሥራው ባለሙያ የኅብረት ሥራን፣ የንግዱም የንግድን መንገድ ብቻ ነጥሎ ከመናገር ይልቅ፣ ወጣቶቹ ሦስቱንም ጎን ለጎን አይተው እንዲመርጡ ቢረዱ ሥራው ይቃናል። በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል አንድ ከሰዓት በኋላ ተሰጥቶ የገቢና የወጪ ሠንጠረዥ በሰሌዳ ላይ ቢሠራ፣ ከብዙ ቀን ንግግር ይበልጥ ያስተምራል። የአካባቢውን የመብራት ታሪፍ፣ የድንጋይ ዋጋና የክረምቱን ገበያ የሚያውቁት እዚያው የተቀመጡት ገበሬዎች ናቸውና፣ ቁጥሩን እነርሱ ይናገሩ፤ ባለሙያው ይደምር።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ መሆን የክብር ስም ወይም የገንዘብ መፈለጊያ ዘዴ ሳይሆን፣ ትርፉንም ንብረቱንም ለዘለቄታው ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት የሚገባ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑን ሊጠብቅ የሚችል ይግባበት። መተዳደሪያ የሚፈልግ ደግሞ በንግድ ወይም በኅብረት ሥራ መንገድ ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ዋጋውን በትክክል ይተምን፣ ለምትክ ያስቀምጥ፣ ለደካማ ያካፍል። አበው «ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» እንዳሉት ምጣኔው ከሥራው በፊት ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ከመገዛቱና ሞተሩ ከመተከሉ አስቀድሞ መተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ፤ ቃለ ጉባኤው ይፈረም፤ ማን እንዳዋጣ፣ ማን እንደሚወስን፣ የተረፈው ለማን እንደሚሆን በጉልህ ይስፈር። እህሏን ተሸክማ የምትመጣው እናት የምትጠይቀው የድርጅቱን ስም አይደለም፤ ወፍጮው ዛሬም፣ በሚመጣው ዓመትም፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም እየፈጨ መገኘቱን ነው።